ነጭ ዓሣ በጉማራ፦ ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ የጥበቃ ሥራ ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ

ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሰው የጉማራ ወንዝ ገና ቀጭን ነው። ጉና ተራራ ላይ ዝናቡ ጀማምሯል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ገና አቧራ ነው። የክረምቱ ጥበቃ የሚጀመረው አሁን ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ በኋላ የወንዙን ወለል ማየትም ሆነ እንዳሻን መርገጥ አይቻልም።

ለአዲስ ገቢ ጠባቂዎች በአጭሩ፦ ገበያው «ነጭ ዓሣ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸው የጣና ላቢዮባርበሶች አንድ ዝርያ አይደሉም። ተመራማሪዎች 15 እና ከዚያ በላይ ይቆጥሯቸዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ጥለው ይመለሳሉ። ዋናው ወቅት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። በሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የከረመ ዓሣ በዚህ ጊዜ አንድ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ አንድ መረብ ለማርባት የደረሰውን ትውልድ ሊጠርገው ይችላል። በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ የሚካሄደው ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ ይኸው ሆኗል፦ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የላቢዮባርበስ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱ በጥናት ተለክቷል። ቀረሶ (ቲላፒያ) ሐይቁ ዳር ስለሚራባ በዚህ መንገድ አይጠቃም።

የዚህ ሳምንት ሥራ የጠጠር ቆጠራ ነው። እንደ ዱካሊትና ወንዙማ ባሉ የጉማራ ገባሮች እንቁላል የሚጣልባቸው ጥልቀት የሌላቸው ፈጣን ቦታዎች ላይ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የጫማ ጫፍ የነካውን ድንጋይ ሳይመርጡ ማንሳት፤ 100 ድንጋይ እስኪሞላ። የሚለካው ረጅሙ ጎን ወይም አጭሩ ሳይሆን መካከለኛው ነው። ጣት ድንጋይ ሳያገኝ አሸዋ ወይም ደለል ከነካ «ደቃቅ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ድንጋይ ፍለጋ መቆፈር አይፈቀድም። አዲስ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዓይኑ ትልልቁን ይመርጥና ወለሉ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይመዘገባል። መፍትሔው ድንጋዩን ፊትን አዙሮ ማንሳት ነው።

ቀጥሎ በእግር መቀስቀስ። ተረከዝን ጠጠሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ማዞርና የሚነሳውን ማየት፤ ትንሽ ደፍርሶ ወዲያው ከጠራ ደህና ነው። ቡናማው ደመና ወደ ታች ረጅም ርቀት ከተጎተተ በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት በደለል ተደፍኗል ማለት ነው። እዚያ የተጣለ እንቁላል ንጹሕ ውሃ አያገኝም፤ ታፍኖ ይሞታል። ከላይ ያለው ማሳ እስከ ወንዙ ከንፈር የታረሰ ከሆነ ደለሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

በዓል ስለሆነ ገበሬው ከሥራ ውጪ ነው፤ ለስብሰባ የተመቸ ቀን። ከአሸዋ አውጪዎቹ ማኅበር ጋር የተደረሰው ስምምነት ይህ ነው፦ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ወንዙ ውስጥ መኪና አይገባም፤ አሸዋ የሚወጣው ጥቅምት ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ከተወው ደረቅ ክምር ላይ ብቻ ነው፤ ምልክት ከተደረገባቸው የጠጠር ቦታዎች ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ወንዝ አሸዋን በየዓመቱ ያመጣል። አንድ ጊዜ ተጭኖ የሄደ የጠጠር ወለል ግን ቶሎ አይተካም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚተኛው ደለል ነው።

ምልክቱ የ2 ሜትር የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፣ ሥሩ በድንጋይ ይጠቀጠቃል፣ ጫፉ በቀይ ዘይት ቀለም ይቀባል። ውሃው መካከል መትከል ዋጋ የለውም፤ የመጀመሪያው ደራሽ ይነቅለዋል። ከፍተኛው ውሃ የደረሰበትን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮ ያሳያል፤ ቋሚው ከዚያ በላይ፣ በሁለቱም ዳር ትይዩ ይተከላል።

ከብት ውሃ የሚጠጣበት መሻገሪያም ተለይቷል። ከብቱን ከወንዙ ማራቅ አይቻልም፣ ፍትሐዊም አይደለም። ከጠጠሩ ቦታ በታች አንድ ሰፊ መውረጃ ተደልድሎ እዚያ ብቻ እንዲወርድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረናል። ከላይ ከወረደ የሚረገጠው እንቁላሉ ነው፤ ከታች ከወረደ ጭቃው ብቻ ነው የሚያልፈው።

ሰኔ 25

ድልድዩ አጠገብ የውሃ ከፍታ መለኪያ ተተክሏል፦ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ነጭና ጥቁር የተቀባ ጣውላ። ንባቡ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ለደኅንነትም ይጠቅማል። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጉና ላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን በድንገት ይሞላዋል፤ ከላይ መንደር ያለው ሰው ስልክ ከደወለ ወይም ውሃው ላይ ገለባና ቅጠል በአንዴ ከበዛ፣ ወንዙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዕቃውን ትቶ ይወጣል።

የኦክስጅን መለኪያውን በተመለከተ በየዓመቱ የሚደገም ስሕተት አለ። ጣና 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል 80 በመቶ ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ውሃ በባሕር ወለል 9 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ሙሌቱ 7.3 አካባቢ ነው። መሣሪያው ለከፍታው ካልተስተካከለ ጤነኛውን ወንዝ «80 በመቶ» እያለ የታመመ ያስመስለዋል፤ ሪፖርቱም ተበላሽቶ ይሄዳል። ማስተካከያው በየጠዋቱ ይደረግ፤ የመሣሪያውን ጫፍ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) ውስጥ አረፋ ካለ ንባቡ አይመዝገብ።

ሐምሌ 5

ዓሣው የወንዙ አፍ ላይ ነው። ውሃው ደፍርሷል፣ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ቡናማ ምላስ አውጥቷል፤ ዓሣው ተሰብስቦ የሚጠብቀው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጥበቃው ሌሊት ነው። መረብ የሚዘረጋው ሲመሽ፣ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ቀን ላይ በጀልባ መዞር ለዓሣው የሚያመጣለት ነገር የለም።

አስቸጋሪው ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ ነው። ክሩ አንድ ወጥና ውሃ መሳይ ስለሆነ በባትሪ መብራት እንኳ አይታይም፤ ርካሽ ነው፤ ሲቀደድ አይጠገንም፣ ይጣላል። የተጣለው ደግሞ አይበሰብስም፤ ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየያዘ ይኖራል። ተንሳፋፊው ብዙ ጊዜ ባዶ ሃይላንድ ነው፤ ሕገ ወጡ መረብ ግን ሃይላንዱን ውሃ ሞልቶ ከላዩ ግማሽ ሜትር ያሰጥመዋል። ስለዚህ ፍለጋው በመንጠቆ ነው፦ ባለ አራት ጣት ትንሽ ሜንጦ፣ 15 ሜትር ገመድ፣ በቀዘፋ ቀስ ብሎ መጎተት። አፉ ላይ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ይበቃል። ሞተሩ ከ30 ሜትር በፊት ጠፍቶ ወደ ላይ ይነሳ፤ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ሞኖፊላመንት በጨለማ፣ ጉማሬ ባለበት ቦታ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

መረብ ሲገኝ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ ዓሣው ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል።

ከነፋሱ በታች ካለው ጫፍ ይጀመራል። የላይኛው ገመድና የታችኛው ገመድ አንድ ላይ ይጨበጣሉ፤ የላይኛው ብቻ ከተሳበ ዓሣው በራሱ ክብደት ይንጠለጠልና ሽፋን አጥንቱ ሥር ያለው ስንጥብ ይቀደዳል። ስንጥቡ የተቀደደ ዓሣ እየዋኘ ቢሄድም ይሞታል። መረቡ ውስጥ አንገቱ የገባውን ወደ ኋላ መጎተት ክልክል ነው። ክሩ በትንሽ መቀስ፣ ከዓሣው ጀርባ በኩል ሁለት ሦስት ዓይን ይቆረጣል፤ ዓሣው ወደ ፊት ተገፍቶ ይወጣል። እጅ ቀድሞ ይረጠባል፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚሸፍነውን ልጋግ ያነሳዋል። የተዳከመው አፉን ወደ ውሃው ፍሰት አድርጎ፣ ከሆዱ ሥር ተደግፎ፣ ራሱ ጅራቱን መትቶ እስኪሄድ ይያዛል።

ዝርያውን መለየት ከጭንቅላቱ ነው፤ ሰውነታቸው ይመሳሰላል። ሜጋስቶማ አፉ ሰፊ ነው፤ ሌላ ዓሣ የሚበላ ነው። አኩቲሮስትሪስ አፍንጫው ሹል። ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ከጭንቅላቱ መጠን ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ብሬቪሴፋለስ ትንሽ፣ ጭንቅላቱ አጭር። ኔድጊያ ከንፈሩ ሥጋማ፣ ክራሲባርቢስ ጢሙ ወፍራም። ጥርጣሬ ካለ «ያልተለየ» ተብሎ ከጎንና ከፊት ፎቶ ይነሳል፤ በግምት ስም መስጠት መዝገቡን ያበላሻል። ርዝመቱ የሚለካው ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ ግርጌ ነው። ሆዱን በስሱ ሲጫኑት እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ከወጣ «ደርሷል» ይባላል፤ ሁለተኛ መጫን አያስፈልግም፣ ያ እንቁላል የላይኛው ጠጠር ነው የሚገባው።

ከዚያ መረቡ። የዓይኑ ስፋት የሚለካው እርጥብ እያለ፣ 10 ዓይን በተርታ ተወጥሮ፣ ድምሩ ለ10 ተካፍሎ ነው፤ ይህ ሦስት ቦታ ላይ ይደገማል። አንድ ዓይን ብቻ በደረቁ ለክቶ «ጠባብ ነው» ማለት ፍርድ ቤት ላይ አይቆምም። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የመረቡ ርዝመት፣ የክሩ ዓይነት፣ ሜትሩ ተዘርግቶበት የተነሳ ፎቶ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ ለባለ መረቡ ደረሰኝ፤ ከዚያ ታሽጎ በዚያው ቀን ለፖሊስ በኤግዚቢትነት ማስረከብ። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በዝናብ ይፈሳል። የብዙ ክስ መውደቂያ ሕጉ አይደለም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ቃል ግልጽ ነው። ክሱ የሚወድቀው መረቡ ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ የሚያሳይ ወረቀት ሲጠፋ ነው።

አንድ ነገር መነገር አለበት። በደንገል ታንኳ ላይ አጭር መረብ ይዞ የሚገኘው ሰው የዚህ ጥፋት መነሻ አይደለም። የነገደ ወይጦ አባቶች ይህን ሐይቅ ሲያሰግሩ ኖረዋል፤ የሞተር ጀልባ መረብ ግን በአንድ ሌሊት የሚያነሳው ሌላ ነው። ቁጥጥሩ ከደካማው ከጀመረ መንደሩ በሙሉ ጀርባውን ይሰጣል፤ መንደሩ ጀርባውን የሰጠው ጠባቂ ደግሞ የት ምን እንደተዘረጋ የሚነግረው አያገኝም። በክረምቱ እንቁላል የያዘ ዓሣ በጅምላ የሚረከበው ማን እንደሆነ ማወቅ፣ አሥር መረብ ከማንሳት ይበልጣል።

ነሐሴ 1፣ የፍልሰታ መግቢያ

ከባዱ ሁለት ሳምንት። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ ገበያው ይሞቃል፣ ዋጋው ይወጣል፤ ይህ የሚሆነው ዓሣው ወንዝ ውስጥ በተጨናነቀበት ወቅት ነው። በዐቢይ ጾምም ገበያው ይሞቃል፤ ያኔ ግን ዓሣው በሐይቁ ተበትኗል። ስለዚህ የሰው ኃይላችን በፍልሰታ እጥፍ መሆን አለበት፤ እረፍት የሚወጣ ካለ ከቡሄ በኋላ ይውጣ። ከቀሳውስቱ ጋር አስቀድሞ የተደረገው ንግግር ረድቷል፤ ከቅዳሴ በኋላ «በእንቁላሉ ላይ ያለውን ተዉት» የሚል አንድ ቃል ከእኛ ስብሰባ ይልቅ ይሰማል።

ጥበቃው አሁን ሁለት ቦታ ነው፤ አፉ ላይና ላይኛው ጠጠር ላይ። ጠጠሩ ላይ ያለው ሥራ ጸጥ ያለ ነው፤ ውሃ ውስጥ አለመግባት፣ ከዳር ሆኖ መቁጠር፣ ወንዙን የሚዘጋ አጥር ካለ ማስነሳት። ውሃው ለአፍታ ጠርቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያሉ፦ ሴቷ መካከል፣ ወንዶቹ በጎንና በጎን፣ ጀርባቸው ከውሃው ሊወጣ የደረሰ፤ ሆዳቸው ጠጠሩን ሲነካ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከሥራቸው ትንሽ ደመና ተነሥቶ ወደ ታች ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ዱላ የያዘ ሕፃን እንኳ ሊገድላቸው ይችላል፤ አይሸሹም።

ወደ ላይኛው ጠጠር የሚወስደው መሬት የሚያንሸራትት ስለሆነ ከዳር የሚቆጥር ሰው ብቻውን አይሂድ። የሐይቁ ዳር የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ስላለበት ቦቲና ጓንት ግዴታ ነው።

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

አፉ ላይ የሌሊት ጥበቃው ቀንሷል። ጀልባው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ ወደ ርብና መገጭ በኩል ደርሶ ከተመለሰ ፕሮፔለሩ፣ ገመዱና መልሕቁ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከእምቦጭ አንዲት ቁራጭ ትበቃለች፤ እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የወንዝ አፎችን ሲዘጋ አይተናል። የተገኘው ውሃ በማይደርስበት ቦታ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ጥቅምት አጋማሽ

ውሃው እየጎደለ ነው። የብርብራ ወቅት ይህ ነው። የብርብራ ፍሬ ደርቆ ሲወቀጥ በውስጡ ያለው ሮተኖን ዓሣ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ በሙሉ ወንዝ ስለሚበረዝ አይሠራም፣ ባነሰ ውሃና በኩሬ ግን ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ትልቁን ፈልጎ የበተነ ሰው መጀመሪያ የሚገድለው ጫጩቱን፣ በክረምቱ የተፈለፈለውን ትንሽ ዓሣ፣ ነው፤ ጫጩቶቹ የሚበሏቸውን የውሃ ነፍሳትም ይዞ ይሄዳል። አዋጁ መርዝን ይከለክላል።

የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ዓሣው በጠራራ ፀሐይ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ይተነፍሳል፣ ትንንሹ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ዳር ላይ የተወቀጠበት ድንጋይና ጆንያ ይገኛል። የሚደረገው፦ ከላይ ንጹሕ ውሃ በሳፋና በባልዲ ቀድቶ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እዚያ መክተት፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ካገገመ ከመርዙ በላይ መልቀቅ። የሞተው በዝርያ ተቆጥሮ ይመዘገባል፣ ይቀበራል፤ ገበያ አይወጣም። ጆንያው በጓንት ይነሳ፣ ዱቄቱ ዓይን አይንካ። በታች ላሉ ሰዎች ለሰውም ለከብትም ከወንዙ እንዳይቀዱ ወዲያው ይነገራቸዋል። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት መርዙን ይሰብረዋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ግን መጠኑ ከበዛ እሱም ዓሣ ይገድላል። ያለ ባለሙያ አይጨመር።

ኅዳር 21

አሁን የሚጠበቀው ጫጩቱ ነው፤ በጀትም ሰውም የሚያልቀው እዚሁ ላይ ነው። አፉን ጠብቆ ጠጠሩን ጠብቆ የውሃ ሞተሩን የረሳ ጥበቃ ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ ዓሣውን ሽንኩርት ማሳ ላይ ያፈሰዋል። ወንዙ ላይ በተርታ የቆሙት ሞተሮች ጫጩቱን ከውሃው ጋር ስበው ማሳ ይጥሉታል።

ገበሬውን «አቁም» ማለት አይቻልም፤ ኑሮው ነው። የሚቻለው መሳቢያው ላይ ወንፊት ማድረግ ነው። መጠኑ በስሌት እንጂ በዓይን አይሠራም። መጀመሪያ የሞተሩ ጉልበት፦ የ200 ሊትር በርሜል በ20 ሰከንድ ከሞላ 10 ሊትር በሰከንድ ነው። ውሃው በወንፊቱ ቀዳዳ የሚገባበት ፍጥነት በሰከንድ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ከፈለግን 0.1 ካሬ ሜትር ክፍት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ከሽቦው ግማሹ ብረት ነው ብንል 0.2 ካሬ ሜትር ወንፊት። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክብ ቅርጫት ጎኑ ብቻ 0.47 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ግማሹ በገለባ መዘጋቱ አይቀርም።

አሠራሩ፦ ሦስት ቀለበት ከባለ 8 ፌሮ፣ በአራት ቁመት ብረት ተበይዶ፤ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዙሪያውንና ሁለቱን ጫፍ ተሸፍኖ በጥቁር ሽቦ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል። የትንኝ መከላከያ ወንፊት አይሆንም፤ በአንድ ቀን ይደፈናል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ቅርጫቱ መሐል ላይ ይድረስ፤ ወደ አንዱ ጎን ከተጠጋ ሳቡ ሁሉ እዚያ ይሆንና ጫጩት ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ቅርጫቱ ከፍሰቱ ጋር ተጋድሞ፣ ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። በየጠዋቱ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በመጥረጊያ ይታሸት። ሞተሩ ድምፁ ከተቀየረና ውሃው ከተቆራረጠ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ገበሬው ያኔ ቅርጫቱን ነቅሎ ይጥለዋል፣ ስለዚህ የማጽዳቱ ነገር ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ይለመድ።

ታኅሣሥ መግቢያ

ከወንዙ የተቆረጡ ኩሬዎች ተለይተዋል። ምንጭ ያለው ኩሬ አይነካም፤ ጫጩቱ እዚያ ይከርማል። ጫጩቱን ከኩሬ ለማንሳት የሚወሰነው ውሃው በየቀኑ ሲያፈገፍግ ዳሩ ላይ በተተከለ እንጨት ከታየ ብቻ ነው። ሥራው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከበረታ ውሃው ይሞቃል፣ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ለስላሳ ጥቅጥቅ ያለ የእጅ መረብ፣ በሁለት ሰው፣ ከጥልቁ ወደ ጥልቀት የለሹ፤ መረቡ ከውሃው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ጫጩቱ በባልዲ ከነውሃው ይቀዳል። ባልዲው እስከ ግማሽ፣ ጥላ ውስጥ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ወዲያው መድፋት የለም፤ የወንዙ ውሃ በየጥቂቱ እየተጨመረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ቴርሞ ሜትሩ ሁለቱን እኩል ሲያሳይ ባልዲው ተዘቅዝቆ ራሳቸው እንዲወጡ ይተዋሉ። የሚለቀቁት ከመጨረሻው የውሃ ሞተር በታች፣ ወደ ሐይቁ በሚፈሰው በኩል ነው።